ስለ ግራ ክንፋችን ለጓድ ድረስ እንዳላማው የቀረበ ምስጋና

ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ድረስ እንዳላማው፣ የላህ ግብርና ማሠልጠኛ ኮሌጅ የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊና የስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይም ባለፈው ወር በሜዳው ዳር ቆመው ሲያዝዙ የተጎዳው ጉሮሮዎ ተሻለው ወይ? እኛ ለእርስዎ ጤና ሌት ተቀን እንጨነቃለን፤ ሲያምዎ ማን እንደሚተካዎ ስለማናውቅ፣ ሲሻልዎ ደግሞ ምን እንደሚያስቡ ስለማናውቅ። እኔ በበኩሌ እስካሁን በሥራ ገበታዬ ላይ አለሁ፤ ይህም በዚህ ዘመን ትንሽ ነገር እንዳይደለ አውቃለሁና አመሰግናለሁ።

የኮሌጁ ሠራተኛ ሁሉ ስለ ቡድናችን ሽንፈት ሂስና ግለሂሱን በግድግዳው ጋዜጣ ላይ እንዲያወጣ በማስታወቂያ አዝዘው ነበር። ከመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ እስከ ከብት ሐኪሙ ድረስ ሁሉም ጽፏል። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ቻይነሽ እንኳ፣ በዕድሜያቸው አንድ ጨዋታ አይተው የማያውቁት፣ «ምስር ወጡን ስላቀጠንኩት ተጫዋቾቹ ጉልበት አነሳቸው» ብለው በአደባባይ ተናዝዘዋል። የቀረሁት እኔ፣ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪውና የቡድኑ አሠልጣኝ ነኝ። ዘግይቼ ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን የምጽፈው ከብዶኝ ነው።

አስቀድሜ ቡድናችን እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት እንዴት ያጠቃ እንደነበር ላስታውስ። ነገሩ ቀላል ነበር። በረኛችን አብተው ኳሱን ለመሀል ተጫዋቻችን ለገብረ ሕይወት ይሰጣል። ገብረ ሕይወት አይቸኩልም፤ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ወደ ጎን ይሰጣል፣ ተጋጣሚው ተስቦ እስኪወጣለት ይጠብቃል። ያን ጊዜ በግራ መስመር የሽዋስ ይነሣል። የሽዋስን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከቡሬ ወዲያ ካሉት የአገው ገበሬዎች የአንዱ ልጅ ነው፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን ቢደሰትም ቢከፋውም ከሦስት ቃል በላይ አይናገርም። ቀኝ እግሩ ለመቆሚያ ብቻ የተሰጠው ነው። ግራው ግን ኳሱን ከመስመሩ ጫፍ አሻምቶ በአጥቂያችን በቢሰጥ ግንባር ላይ ያሳርፈዋል፤ ቢሰጥ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ ስለሆነ አንገቱን ማዘንበል ብቻ ይበቃው ነበር። በዚህ ዓይነት አምስት ጨዋታ አሸንፈን ለአውራጃው ፍጻሜ ከቡሬ ቡድን ጋር ደረስን። ይህን ሁሉ ያደረግነው ያለ አንዳች ንቃት መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ። ለጨዋታው አሥር ቀን ሲቀረው ጥቁር ሰሌዳ አሸክመው ወደ ሜዳው ስለመጡልን እናመሰግናለን። ገብረ ሕይወት ኳሱን ወደ ኋላ ሲመልስ አይተው ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቁኝ። «እያቀበለ ነው፣ ጓድ» አልኩ። «እያፈገፈገ ነው» አሉኝ፤ ኳስ ወደ ኋላ መመለስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተከለከለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ማፈግፈግን ማቀበል እያልኩ ወጣቱን ሳሳስት መኖሬን እንዲህ በአንድ ቃል ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ገብረ ሕይወትም ትእዛዙን አክብሮ፣ ኳስ በደረሰው ቁጥር እሳት እንደነካው ሰው ወደ ፊት ይጠልዛት ጀመር። በጨዋታው ዕለት የቡሬ ተከላካዮች እዚያው ቆመው ይቀበሏት ነበር፤ እነሱም እንዳመሰገኑዎ እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛ። የማጥቃት ዕቅድዎን በተመለከተ። ስምንት ሰው በአንድ መስመር ጎን ለጎን ቆሞ በአንድ ጊዜ ወደ ግብ እንዲተም በጠመኔ ሠርተው አሳዩን፤ ሰፊው ሕዝብ በአንድነት ሲነሣ ማን ይቋቋመዋል ብለውም ጠየቁ። እኔ በድፍረቴ ከጨዋታ ውጭ የሚባል ሕግ እንዳለ ተናገርኩ። ማን ያወጣው ሕግ እንደሆነ ጠየቁኝ። «እንግሊዞች ናቸው መሰለኝ» አልኩ። «እንግዲህ መልሱን ራስህ ተናገርከው» ብለው ሰሌዳውን ደመሰሱ። በጨዋታው ዕለት የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ያነሣው አሥራ አራት ጊዜ ነው፤ እርስዎም ስሙን በማስታወሻ ደብተርዎ የጻፉት ያንኑ ያህል ጊዜ መሆኑን ከአጠገብዎ የነበሩ ሰዎች ነግረውኛል።

ሦስተኛ። የተጫዋቾች ድልድል። ቢሰጥ ቁመቱ ለመከላከያ ይጠቅማል ተብሎ ወደ ኋላ ወረደ። በእሱ ቦታ የኮሌጁ የወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሙጬ ገባ። የሽዋስ፣ ተመልካቹ የእሱን ስም ብቻ እየጠራ ስለሚጮኽና ይህም የግለኝነት ዝንባሌ ስለሚያመጣ፣ ቀኝ ተከላካይ እንዲሆን ተወሰነ። በግራ መስመር ጽናትዎ አውራጃው ሁሉ የሚያውቅዎ ጓድ ሆነው ሳለ፣ ያለንን አንድ ግራ ወደ ቀኝ የማዞርዎ ምሥጢር ለእኔ ለደካማው እስከዛሬ አልተገለጠልኝም።

ስለ ሙጬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስሙን እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው። ለጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ከከብቶቹ ጋጣ ኋላ ጠብቆ ያዘኝ።

«ጋሼ አድማሴ፣ እባክዎ ያስቀሩኝ። ኳሷ ወደኔ ስትመጣ ዓይኔን ይጋርደኛል» አለኝ።

«ለጓድ ድረስ ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት።

«እርስዎስ ለምን አይነግሩልኝም?»

ላሞቹ ሲያመነዥኩ ስናይ ቆይተን ተለያየን።

እሑድ ደረሰ። የቡሬ ሰዎች በጭነት መኪና ከበሯቸውን ይዘው መጡ፤ ከማንኩሳም ገበሬው በእግሩ እየመጣ ዳገቱን ሞላው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ ሦስት ለባዶ እንመራ ነበር፤ ሁለቱ የገቡብን በየሽዋስ በኩል ነው። ኳሱ በቀኙ ይመጣበታል፣ በግራው ሊያነሣው ሲዞር ሰዎቹ አልፈውት ይሄዳሉ። ዳገቱ ላይ ስሙን ይጠራ የነበረው ሕዝብ ይስቅበት ጀመር። በዕረፍቱ ወደኔ መጥቶ «ጋሼ፣ ወደ ቦታዬ ልሂድ?» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

እርስዎ ወዳሉበት ዞር ብዬ አየሁ፤ ከአውራጃው እንግዶች ጋር ይነጋገሩ ነበር። «ሂድ» አልኩት።

እዚህ ላይ ሂሱ አብቅቶ ግለሂሱ ይጀምራል፤ ስለዚህ ቁጥር መስጠቱን አቆማለሁ።

የሽዋስ በግራ የተጫወተው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ሩጫው የቡሬን ተከላካይ አስቀምጦት አለፈ። በሁለተኛው ኳሷን አሻማ፤ ቢሰጥም ማንም ሳያዝዘው ከኋላ ሮጦ መጥቶ በግንባሩ አገባት። ዳገቱ በሙሉ ተነሣ። ከቡሬ ሰዎች መካከል እንኳ ያጨበጨቡ ነበሩ። እኔም ዕድሜዬን ረስቼ ዘልያለሁ፤ ሳርፍ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ማን ፈቀደለት?» አሉኝ።

ጓድ ድረስ፣ ያን ጊዜ የመለስኩልዎን ያስታውሱታል። «አላወቅሁም ነበር፣ ጓድ። እሱ ራሱ ነው የሄደው» አልኩ። ከዚያም እጄን አንሥቼ በምልክት ወደ ቀኝ መለስኩት። ልጁ እጄን አይቶ እየሮጠ ተመለሰ። ጨዋታው አራት ለአንድ አለቀ።

በግምገማው ዕለት ስድስት ሰው በተቀመጠበት አቆሙትና ማን እንደፈቀደለት ደግመው ጠየቁት። እኔ ከጠረጴዛው ዳር ሦስተኛው ላይ ነበርኩ። የሽዋስ ዓይኑን ወደኔ አነሣ፤ ዝቅ አደረገውም። «ማንም» አለ። ምድቡን ያለ ፈቃድ ለቅቋል፣ ሌላውንም አስለቅቋል ተብሎ ተጻፈ። እኔም ከስድስቱ አንዱ ሆኜ ፈረምኩ። ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ከብሔራዊ ውትድርና የሚቆዩ ተማሪዎች ስም ዝርዝር በማግሥቱ እንደገና ሲለጠፍ የሱ ስም አልነበረበትም። ማክሰኞ በመኪና ተጫነ። ስንብት እንዳላደርግ ማንም አልከለከለኝም፤ እኔ ነኝ ወደ መንገዱ ያልወጣሁት።

ሐሙስ እናቱ ወይዘሮ ገላነሽ ከቡሬ ወዲያ በእግራቸው መጡ። የዳጉሳ ቂጣ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል፤ የሄደ መሆኑን አልሰሙም ነበር። ዘበኛው ወደኔ ላካቸው።

«ጌታዬ፣ ልጄ ምን አጠፋ ተባለ?» አሉኝ።

«ኳስ ሲጫወት ቦታውን ለቀቀ ነው የተባለው፣ እትዬ።»

«የማንን ቦታ ወሰደ?»

«የማንንም አልወሰደም። ወደ ቀድሞ ቦታው ነው የሄደው።»

ወይዘሮ ገላነሽ የተናገርኩትን አማርኛ በትክክል መስማታቸውን የተጠራጠሩ ይመስል ጠጋ አሉ። «ታዲያ ሰው ወደ ቦታው ቢሄድ ምን ያስቆጣል?» አሉኝ። ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ወንበር አቀረብኩላቸው። ቂጣውን ለልጆቹ ያካፍሏቸው ብለው እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን እየመጡ ደብዳቤ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቁኛል። አልደረሰም። አለመድረሱን ስነግራቸው እኔን ያጽናኑኛል፤ ከዚህ የሚከብድ ቅጣት በእርስዎ መመሪያ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሦስት ቀን በቢሮዎ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት አየለች ስብሰባ ላይ እንደሆኑ በትሕትና ነገረችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ግን አዝናልኝ መሰለኝ ወንበር ሰጠችኝ። ከዚያም ወደ ምልመላው ቢሮ ሄጄ በልጁ ምትክ እኔን እንዲወስዱኝ ጠየቅሁ። መዝጋቢው ዕድሜዬን ጠየቀኝና አርባ ሰባት ስለው ከትከት ብሎ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። «አባቴ፣ ይግቡና ይረፉ» አለኝ። ገባሁ። ዕረፍት ግን አላገኘሁም።

ስለዚህ ግለሂሴ ይህ ነው፦ የሽዋስን ወደ ግራ መስመር እንዲሄድ የፈቀድኩለት እኔ አድማሴ ውበቱ ነኝ። ያለ ፈቃድ አልሄደም። ጥያቄውን ሲጠይቁት የዋሸው እኔን ለማዳን ነው፤ እኔም ስጠየቅ የዋሸሁት እኔኑ ለማዳን ነው፤ ውሸታችን አንድ ዓይነት ይምሰል እንጂ አንድ አይደለም። በግምገማው ላይ ያለው ፊርማዬ እንዲሰረዝልኝ እለምናለሁ፤ አንዴ የተፈረመ እንደማይሰረዝ አውቃለሁ፤ ሆኖም መለመን ስላልተከለከለ እለምናለሁ። ልጁ እንዲመለስም እለምናለሁ። ይህ በእርስዎም ሥልጣን እንደሌለ፣ መኪናውን ማስነሣት እንጂ መመለስ ለእርስዎም እንዳልተሰጠ ሰዎች ነግረውኛል። እውነት ከሆነ እርስዎም እንደኔው ኖረዋል ማለት ነው፤ አዘንኩልዎ።

ጉሮሮዎን ይማርልን፣ ሰሌዳዎን አያሳጣን፣ ሹመትዎን ከፍ ያድርግልን፤ ከፍ ሲልም ከዚህ ሜዳ ራቅ ወዳለ ሰፊ ቦታ ያድርግልን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በማይለወጥ ታዛዥነት እሰናበትዎታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ፣
አድማሴ ውበቱ
የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ፤ ይህ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ የቡድኑ አሠልጣኝ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበረን። አሥራ አንዱም፣ በየሽዋስ ምትክ የገባው ጭምር፣ በሰዓቱ ተገኝተው በጠመኔ በተሠራላቸው ቦታ ቆሙ። ኳሷን ከመሀል ለቀቅሁላቸው። በገብረ ሕይወት ፊት አለፈች፣ በቢሰጥ አጠገብ አለፈች፣ ከአብተው ሁለት እርምጃ ብቻ ርቃ እየተንከባለለች ግቡ ውስጥ ገባች። ለምን እንዳልያዛት ጠየቅሁት። «ከምድቤ ውጭ ነበረች፣ ጋሼ» አለኝ። እንኳን ደስ ያለዎ፤ ከእንግዲህ ቦታውን የሚለቅ ሰው የለንም።