ከሰይድ ጋር በሸምበቆው ውስጥ

ኅዳር 6፣ ጠዋት

ድስቱን በአሸዋ እየፈተግሁ ነው። ሩዙ ከሥሩ አርሮ አልለቅ ብሏል። ሰይድ መረቡን ሊያይ ወርዷል። የቤት ለቤቱ ፍተሻ እስኪበርድ ብለን ከሪያዱ ሰፈራችን ከጉበይራ ወጥተን እዚህ ወንዝ ዳር ከገባን ሳምንት ሊሆነን ነው። አልበረደም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለንም፤ የት እንሂድ? ድንኳናችን የሲሚንቶ መሸፈኛ ላስቲክ። ዛፉ የመንግሥት፣ ውኃው የሪያድ ፍሳሽ ተጣርቶ የሚወርድ። ሽታውን ለምደነዋል። የሚጠጣውን ወዳጃችን ሙባረክ ከከተማ ያመጣልናል፤ እሱ ኢቃማ አለው፣ አይፈራም።

ደብተሬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ትናንት ደስ ብሎኝ ነበር። ዓሣ ጠብሰን በላን። ሰማይ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

ኅዳር 7

ሰይድ መረብ ሲጎትት የጠርሙስ ስባሪ ረገጠ። ውስጥ እግሩ ተተርትሯል። በጨው ውኃ አጠብሁለት፤ የሸሚዜን እጅጌ ቀድጄ አሰርሁለት። የመንን በእግሬ አቋርጬ ጠርሙስ ይግደለኝ እንዴ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 8፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ሽርሽረኞች መጥተዋል። ባለ መኪና ሁሉ ከነቤተሰቡ። ምንጣፍ፣ ትራስ፣ ከሰል። እኛ ሸምበቆው ውስጥ በሆዳችን ተኝተናል። ማሳል እንኳ አይቻልም። የሥጋው ሽታ እኛ ድረስ ሲመጣ ሰይድ አልራበኝም አለ። ያስፈራኝ ይኼ ነው። እግሩ አብጧል፤ ጫማ አይገባም። ለሙባረክ ደውያለሁ፤ መድኃኒት ይዞ ነገ ይመጣል። ኢንሻአላህ።

ኅዳር 9፣ ማምሻ

ሙባረክ አልመጣም። ስልኩ ዝግ። አብሮት የሚኖረውን ልጅ በስልክ አገኘሁት። ከከፊልህ፣ ካስመጣህ አሠሪ፣ ውጪ ለሌላ ሰው ትሠራለህ ብለው ፖሊሶች ከፋርማሲው ደጃፍ ጭነውታል። መድኃኒቱ ኪሱ ውስጥ ነው። በእኛ ሰበብ!

ውኃው ሊያልቅ ነው። ያለውን ለሰይድ። ግንባሩ እሳት።

ኅዳር 10፣ ንጋት

ከቁርጭምጭሚቱ የተነሣ ቀይ መስመር ጉልበቱ ደርሷል። ሲቃዥ አደረ። አንዴ በወንድሙ ስም ጠራኝ፣ በሬዎቹን ፈተሃል ወይ አለኝ። ፈትቻለሁ አልሁት። ሌላ የማደርግለት ነገር የለኝም። እሱ ወደ አላህ፣ እኔ ወደ ማርያም። ሁለታችንም የምንለምነው ለአንድ እግር።

ኅዳር 10፣ ረፋድ

ወጣሁ። ሸምበቆውን ገፍቼ መንገድ ዳር ቆምሁ። አንድ ሽማግሌ ሳዑዲ በፒካፕ ሣር ጭኖ ከእርሻው ሲመለስ ነበር። እጄን ዘርግቼ አስቆምሁት። ለፖሊስ ይደውልብናል ብዬ ፈራሁ። ወርዶ መጣ፣ ሰይድን አየው፣ በጥምጣሙ ጫፍ የራሱን አፍ ያዘ። ብዙ አልጠየቀኝም። ሹመይሲ ሆስፒታል አደርሰዋለሁ አለ። ግን መንገዱ ላይ ፍተሻ አለ፤ ለታመመ ሰው ይራሩ ይሆናል፣ ለአንተ አልዋሽም፣ ከመጣህ በራስህ ነው አለኝ። እውነቱን ነው።

ሰይድን ተሸክሜ ሣሩ ላይ አስተኛሁት። ነቃ።

«ጌቾ፣ ወንድሜ፣ አንተ ቅር። አገር ቤት የጀመርኸውን ቤት ሠርተህ አልጨረስህ።»

«ዝም በል።»

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ቅር!»

ዞር ብዬ ወደ ላስቲኩ መጣሁ። ልብስ ላምጣ ብያለሁ። ልብስ የለኝም። ቁጭ ብዬ ይኼን እጽፋለሁ። ብቀር ማንም አይፈርድብኝም። ራሱ ቅር ብሎኛል። ግን ሰይድ አረብኛ አያውቅም። ሐኪሙ እግርህ ይቆረጥ ቢለው ምን እንዳለው ሳይገባው አዎ ብሎ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ሰው ሲቆጣው እንደዚያ ነው፣ ለሁሉም አዎ። የሚነግርለት ሰው ያስፈልገዋል። ተርሂል፣ ወደ አገር መባረር፣ ከሆነም ተርሂል ነው። ኸላስ፣ አበቃ።

ሽማግሌው ጥሩምባ ነፋ። ያላ ይላል። እሄዳለሁ። እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ሆስፒታሉ እይዝለታለሁ።