አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚገኘው ሰሜን

ለሰሜን ግዛት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤
ዋና ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ ጤንነት፣ የወንበርዎ ጤንነት፣ ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለው የግዛታችን ካርታ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል? እኛ ከውሃ ጥም በቀር እጅግ ደህና ከርመናል።

የምጽፍልዎ የከተማችን የውሃ ፓምፕ መካኒክ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው። ሽማግሌዎቻችን «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ብቻ አደራ አክብረሽ ጻፊ፣ አፍሽንም ሰብሰብ አድርጊ» ስላሉኝ፣ አፌን ሰብስቤ በእጄ እናገራለሁ። በጋዜጣ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ውሃችንን፣ ጤና ጣቢያችንንና ትምህርት ቤታችንን እኛው የመረጥናቸው ሰዎች እዚሁ ሆነው ያስተዳድሩልን እያልን በፖስታ የላክናቸው አሥራ አንድ ማመልከቻዎች ስላልደረሱዎ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። በፖስታው ላይ «ለሰሜን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት» ብለን ስንጽፍ፣ የዋና ከተማው ፖስታ ቤት ሠራተኞች የሰሜን ቢሮ ያለው ሰሜን ይሆናል ብለው፣ እንደ ጤነኛ ሰው አስበው፣ መልሰው ወደ እኛ ላኳቸው። የመጀመሪያው ሲመለስ ሽማግሌዎቹ መልስ መጣ ብለው ከተማውን ሰበሰቡ። በየስብሰባው «አንድ ነጥብ ልጨምር» ሳይሉ ስለማይቀመጡ ጋሽ ነጥብ የምንላቸው አዛውንት መነጽራቸውን ወልውለው፣ የራሳችንን ማመልከቻ ለራሳችን ጮክ ብለው አነበቡልንና «አያችሁ! በመጨረሻ ችግራችን የገባው ሰው ተገኘ!» ብለው መነጽራቸውን እንደገና ወለወሉ። አጨበጨብን። ጭብጨባው የእርስዎ ድርሻ ስለሆነ ይድረስዎ።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፤ የፓምፑን መቆጣጠሪያ ሳጥን በሽቦና በማኅተም አስረው፣ ከዋና ከተማ ከሚላክ ተቆጣጣሪ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ስላዘዙ እናመሰግናለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ግን ጨዋ ስለሆኑ አጥሩን አልነቀነቁም፤ ቤቱን ቆልፈው ሄዱ እንጂ። ፓምፑ ሲቆም ተቆጣጣሪ ለመጠየቅ የሚሞላው ቅጽ «ብልሽቱን በዓይኑ ያየ የቅርንጫፉ ባለሙያ ፊርማ» ይጠይቃል። ባለሙያዎችዎ ደግሞ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቀው አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ከዚያ ሆነው ማየት ከቻሉ ዓይናቸውን ያኑርላቸው።

፪ኛ፤ አርባ ሰባት ቀን ከወንዝ እንድንቀዳ ስላደረጉን ትከሻችን ፈርጥሟል። በአርባኛው ቀን የጤና ጣቢያችን ነርስ በአንድ ጀሪካን ውሃ ሁለት እናቶችን አዋልዳለች። እዚህ ቦታ ላይ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ እርስዎ ካለዎት ይላኩልኝ።

፫ኛ፤ በአርባ ሰባተኛው ቀን ነርሷ ቤታችን መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች አባቴን «ወንድሜ፣ ነገም አንዲት ወላድ አለችብኝ» አለችው። አባቴም ፒንሳውን አንሥቶ ወጣ። ማኅተሙን ቆረጠ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ የተቃጠለች አንዲት ፊውዝ ለወጠ፣ ዘጋ። በሰዓት ይዤዋለሁ፦ አሥራ አንድ ደቂቃ። ከእነዚህም ሦስቱ እጁን ሲጠርግ የባከኑ ናቸው።

፬ኛ፤ ፍጥነትዎ አስደንቆኛል። ለተበላሸ ፓምፕ በአርባ ሰባት ቀን ያልተገኘ መኪና፣ ለተቆረጠ ሽቦ በሦስተኛው ቀን ደጃችን ቆመ። ሦስት ሰዎችዎ የሚጠጡትን የታሸገ ውሃ በካርቶን ጭነው መጡ፤ አስተዋይነታቸው አይካድም። ደህና የሚሠራውን ፓምፕ አጥፍተው «ምርመራው እስኪያልቅ» ብለው ሳጥኑን መልሰው አተሙት። የአባቴን የመሣሪያ ሳጥን ማስረጃ ነው ብለው ወሰዱ። ለራሱም መጥሪያ ሰጡት፤ በሚመጣው ወር መጀመሪያ አራተኛ ፎቅ ቀርቦ፣ የመንግሥት ማኅተም ደፍረሃል ተብሎ ከሥራ መባረሩንና መታሰሩን ይሰማል። ይህ ሰው ያን ፓምፕ ሃያ ሁለት ዓመት አስታምሟል፤ እኔ ልጁ ስታመም እንደዚያ ያስታመመኝ አይመስለኝም። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ የሚሠራ ፓምፕ አጠገብ ቆሜ ሲጠማኝ ግን ላሚቱን በዓይኔ አየኋት።

፭ኛ፤ ቃል አቀባይዎ በሬዲዮ ስለ እኛ ስለተናገሩ ክብር ተሰምቶናል። እኛ የጠየቅነው የአንድ ሳጥን ቁልፍ ነበር፤ እሳቸው ግን «አገር ሊገነጥሉ ነው» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ለመገንጠል እኮ መጀመሪያ መያያዝ ያስፈልጋል፤ እኛን ከእርስዎ ጋር ያያዘን ያ ሽቦ ብቻ ነው። ደግሞ «ራሳቸውን ለማስተዳደር ገና አልበሰሉም» አሉን። ጋሽ ነጥብ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ በላይ ይብሰሉ ቢባል ማረር ብቻ ነው የሚቀራቸው።

ስድስተኛ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋና ሳይሆን ወሬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎቹ ለአሥራ ሁለተኛ ማመልከቻ ተሰበሰቡ። «ክቡር» ይቅደም ወይስ «የተከበሩ» በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ መጥሪያውን እያጠፈ እየዘረጋ ተቀምጦ ነበር፤ ወረቀቱ መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ጋሽ ነጥብ ድንገት ዞር ብለው አዩት። ከዚያ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ነጥብ ሳይጨምሩ ተነሡ፤ ከጎረቤት ፒንሳ ተዋሱና፣ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደ ፓምፑ ቤት ሄዱ። እኛም ተከተልናቸው። የማኅተሙን ሽቦ ሁለቴ ስተው በሦስተኛው ቆረጡት። «እንግዲህ እኔንም ይጥሩኝ» አሉ። ነርሷ ፒንሳውን ተቀበለቻቸውና ከተንጠለጠለው ሽቦ ትንሽ ቆረጠች። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከዚያ አስተማሪያችን፣ ከዚያ እኔ። ሽቦው ሲያልቅብን ከጋሽ ነጥብ አጥር ላይ ተበደርን። ሳይመሽም አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው «ማኅተሙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ። መጀመሪያ ማን ይፈርም በሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተጣሉ፤ ውሃው ግን እስኪታረቁ አልጠበቃቸውም፤ ሳጥኑን ከፍተን ፓምፑን አስነሥተነው ስለነበር በቧንቧችን መጥቷል።

ስለዚህ በቀጠሮው ቀን አራት መቶ አሥራ ሁለታችንም ለመባረርና ለመታሰር አራተኛ ፎቅ እንቀርባለን፤ እባክዎ ወንበር ያዘጋጁልን። ሽማግሌዎቻችን ጉልበታቸው ስለማይችል ሊፍቱ መሥራት አለበት። ከተበላሸ አባቴን ይጠይቁት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። የመሣሪያ ሳጥኑን ግን ቀድመው ይመልሱለት።

ቁመቴ ካርታዎ ላይ የማይታይ፣ ድምፄ ግን ደረጃውን እየወጣ ያለ፣
የመካኒኩ ልጅ፣ ተከሳሽ ቁጥር አምስት

ግልባጭ፦
ለአባቴ የመሣሪያ ሳጥን፣ ባለበት።

ማስታወሻ፤ ማኅተምዎን ከደብዳቤው ዋና ቅጂ ጋር በፖስታ ልኬልዎታለሁ፤ እዚህ የሚያደርግልን ነገር የለም። ተመልሶ ይመጣል ብለው አይስጉ። ዘንድሮ ከስሕተታችን ተምረን፣ አድራሻው ላይ ሰሜን የሚል ቃል አልጻፍንም።