የእንግሊዝ ገበያ ዶራቪል ላይ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ቢሮ። ፓርኪንጉ ሞልቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ፓርክ አደረግኩ። ሪፖርቱን ለሦስተኛ ጊዜ አረምኩ። አርባ ገጽ።

ጉዳዩ እማዬ ሱቅ የከፈተችበት የቢፎርድ ሃይዌይ ፕላዛ ነው። አዲሱ ባለቤት አፍርሶ ሊሠራው ነው። ምን አድርጎ? ትንሽ የእንግሊዝ የገበያ ከተማ። አዎ፣ እንግሊዝ። አሜሪካ ውስጥ፣ ዶራቪል ላይ። የድንጋይ ወለል፣ ሾጣጣ ጣሪያ፣ መሃል ላይ የሰዓት ማማ። አጥኑልኝ ብሎ የቀጠረው የእኛን ድርጅት ነው። አለቃዬ ቶሚ ዓምና ለእረፍት እንግሊዝ አገር ስድስት ቀን ቆይቷል። ይኸው ልቡ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

"ቦታው ካራክተር ይጎድለዋል" ይላል፤ የራሱ መልክ የለውም ማለቱ ነው። የኮሪያው ዓሣ ቤት፣ የሜክሲኮው ዳቦ ቤት፣ የእማዬ በርበሬ፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ "ጥርስ አይታይ!" እያሉ የፓስፖርት ፎቶ የሚያነሱባትና የሰው ፎርም የሚሞሉባት ጠባብ ክፍል... ይሄ ሁሉ ካራክተር አይደለም። የድንጋይ ወለል ነው ካራክተር።

እኔ የጻፍኩት፦ ገበያው አለ። መሥራት ከፈለጋችሁ ሥሩ፣ ነጋዴዎቹን ግን አታስወጡ። በከተማ ፕላን ማስተርስ አለኝ። ለምን አይሰሙኝም?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ስብሰባ፣ ፕላዛው ውስጥ ባለው ባዶ ሱቅ። ቶሚ ዶናት ይዞ መጣ። እማዬ ዶናቱን አይታ አዘነችለት፤ ሁለት ትሪ ሳምቡሳ ከሱቋ አመጣች። ቶሚ ሥዕሉን አሳየ። እንግዳ ነውና ማንም ፊት ለፊት ክፉ አልተናገረውም። እማዬ ብቻ፦

"እስቲ ጠይቂልኝ። ያ ሰዓት በእኛ ነው በእነሱ የሚቆጥረው?"

ተረጎምኩ። ቶሚ "ግሬት ክዌስቸን" ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ከዚያ ወረቀት ዞረ። ክሊፕቦርድ ላይ ተቆንጥጦ፣ የላይኛው ገጽ ወደ ኋላ ተገልብጦ። "ማን ማን እንደመጣ ማወቅ አለብን። ስማቸውን ይጻፉና ይፈርሙ በያቸው" አለኝ ቶሚ። አልኳቸው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። እድር ላይ የቀረ ይቀጣል። እሳቸው ደግሞ ሰው ሲቀጣ አይወዱም፤ ስለዚህ ወረቀት በዞረ ቁጥር ለቀረውም ይፈርማሉ። ዛሬም የድሮውን የእድር አባል የአምባዬን ስም ሲጽፉ ያዝኳቸው።

"ጋሼ! አምባዬ ሲያትል ከገባ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው!"

"ታዲያ ሩቅ አገር ስለሆነ ይቀጣ?"

ሳቅኩ። እየሳቅኩ እኔም መጨረሻ ላይ ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ሪፖርቱ ወጣ። አርባው ገጽ ስድስት ሆኗል። ካነሳኋቸው ፎቶዎች አንድ ቀርቷል፦ የእማዬ እጅ፣ ምስር ስትሰፍር። ከሥሩ "የአካባቢው ካራክተር" የሚል ጽሑፍ። እጇ ሊቆይ፣ እሷ ልትወጣ?

መጨረሻው ላይ አባሪ አለ። "ፕሮጀክቱን የሚደግፉ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች"። አርባ አንድ ስም። ቁጥር አራት ሸዋነሽ፣ እናቴ። ቁጥር ሃያ ሁለት አምባዬ፣ ከነሲያትሉ። ቁጥር አርባ አንድ ሩሐማ። እኔ።

ቶሚ ቢሮ ገባሁ።

"ይሄ የመጡ ሰዎች ስም ነበር።"

"ርዕሱ በግልጽ ተጽፏል፣ ሩ።"

"ገልብጠኸው ነበር!"

"ገልጦ ማየት የከለከለ የለም።"

"ስሜን አውጣ። የእናቴንም። የሁሉንም።"

ፈገግ አለ። ከምሳ በኋላ የኤችአር፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ጠራችኝ። "ፖዚሽንሽን ኤሊሚኔት አድርገነዋል።" የሥራ መደቡ ተሰረዘ ማለቷ ነው። እኔን አይደለም የሚያባርሩት፣ ወንበሩን ነው። እኔ ወንበሩ ላይ መገኘቴ ነው ጥፋቱ። ዕቃዬን የምይዝበት ካርቶን ሰጡኝ። ጥሩ ካርቶን ነው፣ ጠንካራ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

አላለቀስኩም። መኪና ውስጥ ትንሽ። መኪና ውስጥ አይቆጠርም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ዛሬ ለእማዬና ለጋሽ ወንዳፍራሽ ነገርኳቸው። አራት ቀን ፈርቼ። እማዬ ምስር እየሰፈረች ነበር። ተናግሬ እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ፈርሙ ያልሽን አንቺ ነሽ።"

ምስሩን መስፈሯን ቀጠለች። እውነቷን ነው። እኔ ነኝ። በገዛ አፌ፣ እነሱ በሚያምኑት አማርኛ። የቶሚን እንግሊዝኛ ማንም አምኖ አልፈረመም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ የስሞቹን ወረቀት መስኮት አጠገብ ይዘው ሄዱ። ሦስት ጊዜ አነበቡት።

"ሃያ ዓመት የሰው ፎርም ስሞላ አንድ ፊደል ስቼ አላውቅም" አሉ። "አሥራ ሰባቱ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።"

"ለማንም እንዳይናገሩ፣ ጋሼ። ችግር ያመጣብዎታል።"

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

የከተማው ምክር ቤት ጉዳዩን ኖቬምበር 18 ይሰማል። ደንቡን አነበብኩ። (አሁን ሁሉን ነገር አነብባለሁ። የሻምፑ ጠርሙስ ሳይቀር።) ለደጋፊ አሥር ደቂቃ፣ ለተቃዋሚ አሥር ደቂቃ። የተቃዋሚውን አሥር ደቂቃ፣ ትራፊክ ያማረራቸው ሰፈርተኞች ቀድመው ተመዝግበው ጨርሰውታል። ስለ ግራ መታጠፊያ ሊያወሩ። እኛ አንድ ደቂቃ እንኳን የለንም።

ቆይ...

እኛ እኮ ደጋፊዎች ነን። ፈርመናል። ራሳቸው ያስገቡት ወረቀት ይመሰክራል።

ለእማዬ ደወልኩ። ሳቀች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር።

"በይ እንደግፋቸዋ!"

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

እንደሆነው ልጻፈው።

ቶሚ ሥዕሎቹን እያሳየ አራት ደቂቃ ወሰደ። ሰብሳቢዋ "ሌሎች ደጋፊዎች ካሉ ይቅረቡ" አለች። ሃያ ሦስት ሰው ተነሳ። ቶሚ ዞር ብሎ ሰልፉን ሲያይ ፊቱ በራ። የምሬን ነው፣ ለአንድ አፍታ አሳዘነኝ።

እማዬ ቀደመች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እተረጉማለሁ።

"ሸዋነሽ እባላለሁ። ቁጥር አራት ነኝ። እኔ የፈረምኩት ለመምጣቴ ነው። ልጄ ፈርሙ ስላለችን ፈረምን። እሷንም አታለዋት ነው።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፄ ከዳኝ። ሰብሳቢዋ ጠበቀችኝ። ተረጎምኩት።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል። አስተርጓሚ አልፈልግም ብለው በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፦

"አሥራ ሰባቱን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእኛ ማኅበር የቀረ ይቀጣል፤ ወረቀቱ እንደዚያ መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አምባዬ የሚባለው ሲያትል ነው ያለው። ስለዚህ ነገር አልሰማም። ከፈለጋችሁ ልደውልለት።"

ስልካቸውን አወጡ። አንዱ የምክር ቤት አባል አፉን በእጁ ሸፈነ። ቶሚ ወለሉን ያያል። ወለሉ ምንጣፍ ነው፣ ካራክተር የለውም።

እኔ ስደርስ አርባ ሰከንድ ቀርቶ ነበር። "ቁጥር አርባ አንድ ነኝ። ስድስት የሆነው አርባ ገጽ ይኸው።" ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ሰዓቱ ጮኸ።

ውሳኔው ወደ ፌብሩዋሪ ተላለፈ። የድጋፍ ወረቀቱ ከፋይል ይውጣ ተባለ። ባለቤቱ ነባር ነጋዴዎቹን የት እንደሚያደርግ ጽፎ ይምጣ ተባለ። ጋሽ ወንዳፍራሽን ማንም ምንም አላላቸው። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ ለእስር ነበር ሱፉን የለበሱት።

ቤት ስንመለስ እማዬ ነዳች። "ድምፅሽ ለምን ጠፋ?" አለችኝ። "ጉንፋን ነው።" "እህ" አለች። እጇን ጉልበቴ ላይ አሳርፋ እስከ ቤት ድረስ አላነሳችም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ሥራ የለም። ሦስት ኢንተርቪው አደረግኩ። "ለምን ለቀቅሽ?" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ያመሰግኑኛል። ከዚያ አይደውሉልኝም።

አዲሱ ሥዕል መጣ። ምድር ቤቱ "ለነባር ነጋዴዎች" ይላል። የሰዓት ማማው አልተነካም። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። "ጥያቄዬን አልመለሱልኝም" አለች። ማሸነፍ ነው? እስከ ፌብሩዋሪ አላውቅም።

ከቸርች በኋላ ሱቅ ነበርን። ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ እድላዊት ወልዳለች፤ የሚፈረምበት የደስታ ካርድ ዞረ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቱን አነበቡ። ውስጡን አነበቡ። ጀርባውን ገልብጠው የተሠራበትን አገር ሳይቀር አነበቡ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ስም ጻፉ፣ የራሳቸውን።

"ጋሼ፣ ለኢዩኤልም ይፈርሙለት፤ መኪና ፓርክ እያደረገ ነው" አለች ሚስቱ።

"ይምጣና ይፈርም።"

ካርዱን ወደ እኔ ገፉት። እስክሪብቶ አነሳሁ።

"አንብበሽዋል?"

"እንኳን ደስ አለሽ ነው የሚለው፣ ጋሼ።"

"አንብበሽዋል ወይ?"

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ከላይ ጀምሬ አነበብኩ።