የሐማዱ ሲጋር

አሰብ፣ ሰኔ 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ክንፈ፣

ያዘዝከኝን የአሰብ ሲጋር አልያዝኩልህም፤ አትቀየመኝ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ዓሣ አጥማጁ ሐማዱ፣ በጀልባ በጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ ወዳለችው ራሔይታ ወጥቶ መመለሻው ቀን አልፏል፤ ነፋሱም አልበረደም። ሚስቱ ሃኒያ ግን ትሪ ገልብጣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እሱ የሚያጨሰውን ሲጋር መጠቅለሏን አላቆመችም። የትንባሆውን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ታለሰልሳለች፣ በመዳፏ ታንከባልላለች፣ ጫፉን በዱቄት ሙጫ ትለጥፋለች። አንተ ቤት ዓባይነሽ የትንባሆ ሽታ በበር አላስገባም ትላለች፤ እዚህ የምትጠቀልለው ሚስት ናት።

ዛሬ የቀበሌ ሰው መጣ። «ባልሽ ጅቡቲ ተሻግሮ እንዳይሆን?» አላት።

«ሐማዱ? እኔን ትቶ ይሄድ ይሆናል፤ ሲጋሩን ትቶ ግን ንቅንቅ አይልም» አለችው። ሰውዬው ስቆ ወጣ።

እሱ ሲወጣ ግን የያዘችው ቅጠል ተቀደደባት። የተጠቀለሉት ያሉበትን ሣጥን ወደ እኔ ገፋችው። «ይውሰዷቸው ጋሼ። እዚህ ደርቀው ከሚቀሩ ጓደኛዎ ያጭሳቸው።»

አልወሰድኩም። ብወስድ ሐማዱ አይመለስም ብዬ የተስማማሁ ያህል ይሆን ነበር። ጨርቁን ነክሬ ሣጥኑን አለበስኩት። «ባለቤታቸው እስኪመጣ አይደርቁም» አልኳት። ሌላ ቅጠል አነሳች።

ይህን ፖስት ካርድ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ከባሕሩ በኩል ሰው በመጣ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን። ካርዱ ሞላ፤ ዓባይነሽን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። የጨርቁ ዳር መድረቅ ጀምሯል፤ ልነሣና ላርጥበው።

ያንተው አስናቀ