የክፍልሽ ሰማያዊ

ማክሰኞ ረፋድ፣ ግንቦት 9

ለድምቡሼ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ስትቆጣ ድምፅዋ ላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል፤ ከዚህ በላይ ጤና የለም።

የቀኝ ዓይኔ ሞራ ተገፈፈልኝ፤ የግራው ተራውን እየጠበቀ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ዶክተሯ ለሁለት የሚከፈት የፕላስቲክ ዓይን አምጥታ አሳየችኝ። ብርሃን በብሌኑ ይገባል፣ ከብሌኑ ኋላ ያለው ሌንስ ይሰበስበውና ከዓይን ጀርባ ላይ ያሳርፈዋል። ምስሉ የሚያርፈው ግን ተዘቅዝቆ ነው፣ የሚያቃናው አንጎል ነው አለችኝ። «ኧረ ተይኝ!» አልኳት። ይህን ሁሉ ዘመን ዓለምን ዘቅዝቄ ሳያት ኖሬ አንድ ሰው ትንፍሽ አይለኝም? የእኔ ሌንስ ደግሞ እንደ ቆየ ጋዜጣ ወይቦ ኖሯል። የወየበ ሌንስ ሰማያዊን ይውጣል አለች። ሳቅሁ፤ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ቤት እንደገባሁ የከፈትኩት ያንቺን ክፍል ነው። ትመጪ ይሆናል ብዬ ውሃ ሰማያዊ ቀባሁት ብዬሽ የለ? ዕድሜ ልኩን የታፔላ ቀለም ሲበጠብጥ የኖረ ሰው ምን ይሳሳታል ብዬ፣ ነጩ ላይ ሰማያዊ ጨመርኩ፣ አልታየኝም፣ ደግሞ ጨመርኩ። ወይ ጉድ! ግድግዳው ይጮሃል፣ ልጄ! ግራ ዓይኔን ስጨፍን ክፍሉ ጥልቅ ውሃ ይሆናል፤ ቀኙን ስጨፍን ያ የማውቀው ፈዛዛ ጠዋት ይመለሳል። አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያልኩ አልጋሽ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ነፋሱ መጋረጃውን ሲያነሳው ብርሃኑ ወለሉ ላይ ይዋኝ ነበር።

እናትሽ በሩ ላይ ቆማ «ምን እንደ ሕፃን ትጠቃቅሳለህ?» አለችኝ።

«እንዲህ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አሳምሬ!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እያንጎራጎርክ ስትቀባ ምን ልበልህ?» ብላ ሄደች።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርሽ። ሞራው ሲነሳ ዶክተሯ ከኋላው ሌላ ነገር አየች። የዓይን ግፊት ነው፣ ግላኮማ ይሉታል። ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል፤ ሁለቱንም ዓይኔን ይዞታል። የጠፋው አይመለስም፣ የሰጠችኝ የዓይን ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው። እስከ መቼ እንደሚያቆየው እሷም አታውቅም። ከጎን ከጎን እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። የተበላው ቦታ ጥቁር አይደለም፣ ጥቁርማ ቢሆን ባየሁት። ዝም ብሎ የለም። አጠገቤ የነበረ ሰው ሳይሰናበተኝ ይጠፋል፤ ዞር ስል ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል፣ ልክ ሕልም ውስጥ ሰው እንደሚመጣው። አንዳንዴ ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ በጣም እፈራለሁ።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። ጠብታው ለሞራው ነው ብያታለሁ። ድሮ ሻይ ስንጠጣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ሰሞኑን ግን ወንበር እየጎተተች ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። መንገድ ስንወጣም ከጎኔ መሄድ ትታ አንድ እርምጃ ትቀድመኛለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋት፣ እሷም አትለኝም። ጠብታውን ሰዓቱን ሳታዛንፍ የምታደርግልኝ እሷ ናት።

እና ልጄ፣ «ሥራው ቀለል ሲልልኝ» የምትዪውን ነገር ተይው። ሥራ መቼ ቀሎ ያውቃል? ናፍቀሽኛል። ፎቶ አትላኪልኝ፣ ነይ።

የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ አይይሽ፣ እንቅልፍሽ ጣፋጭ ይሁን። ስትመጪ ግን እንደ ልጅነትሽ ከኋላዬ ተሹለክልከሽ ዓይኔን በእጅሽ ሸፍነሽ «ማን ነኝ?» እንዳትዪኝ። በመዳፍሽ አውቅሻለሁ፣ እሱ አያሳስብሽ። ከፊቴ ቁሚልኝ። ጠግቤ ልይሽ።

አባትሽ