አስር ሲል ዘጠኝ

ጥቅምት 4
በቆሎው ገባ። ትንሽ እርጥበት አለው። ይሁን፣ እርጥበትም ኪሎ ነው። ጡረተኛው አስተማሪ ዱቄት ሲገዙ ዓይናቸውን ከመርፌው አልነቀሉም። «አንተ፣ ይሄ ሚዛንህ ዛሬም አንተን ነው የሚወደው?» «ጋሼ፣ ሚዛን ዘመድ የለውም» አልኳቸው። ተሳሳቅን። የሚዛኑን ሞላ ያላላሁት እኔው ነኝ። አስር ኪሎ ሲል ዘጠኝ ነው። ይኸው ዓመታት ሄዱ፣ የነቃ የለም።

ጥቅምት 9
የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች። ነገ የሰፈራችን ሕፃናት ይመዘናሉ። የታችኛው ሰፈር ትናንት ተመዝኖ አልቋል። አልሚ ምግቡ የሚበቃው ለአንድ ሰፈር ብቻ ነው፤ ልጆቹ ይበልጥ የከሱበት ይወስዳል። የእሷ ሚዛን ተሰብሮባታል... «ጋሼ፣ የእርስዎን ያውሱኝ።» ሱቁ በሰው ጢም ብሏል። እምቢ ልበል? ምን ብዬ? «ለሕፃን ምን ይሰሰታል» አልኩ። እዚያው አውርዳ ይዛው ሄደች። ሰው ሁሉ መረቀኝ። ሞላውን ለማጥበቅ ፋታ አላገኘሁም። ብናገርስ... ከነገ ጀምሮ ማን ከእኔ ይገዛል?

ጥቅምት 10
ትምህርት ቤቱ ግቢ ሄድኩ። ታናሽ እህቴ ልጇን ታቅፋ ተሰልፋለች። ነርሷ የክንድ መለኪያውን ጠመጠመችለት፤ ቀይ። ክፉኛ ከስቷል ማለት ነው። ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለችው፤ ኪሎው ደህና።
«ክንዱ ቀይ፣ ኪሎው ደህና... ጋሼ፣ ሚዛኑ ልክ ነው?»
«ሰፈሩን ጠይቂ» አልኩ።
ሴቶቹ ጮሁባት፦ «የእሳቸውን ሚዛን ልትጠረጥሪ!» አብሯት የመጣው አለቃዋም ሰዓቱን እያየ፣ «የምናነጻጽረው በኪሎ ነው። ኪሎውን ጻፊ» አላት።
እህቴ ልጇን እየሳመች፣ «ወንድም ጋሼ፣ አየኸው? ጨምሯል!»
«ጎበዝ» አልኳት።

ጥቅምት 18
ሚዛኔ ተመልሶልኛል። ምግቡ ወደ ታችኛው ሰፈር ሄደ። የእኛ ልጆች ይሻላሉ ተባለ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ፣ «የጠገበ ሰፈር ሆንን፤ የቀረን ቦርጭ ብቻ ነው» ይላል።

ጥቅምት 26
እህቴ መጣች። የልጁ እግር አብጧል። «ከተማ ሐኪም ቤት ልውሰደው? እዚያ በደንብ ይመዝኑታል።»
ከተማ ሌላ ሚዛን አለ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡና... ከዚያስ?
«መንገዱ ይጎዳዋል። ደግሞ እብጠት አይደለም፣ ሥጋ እየያዘ ነው። ነርሷ ኪሎው ደህና ነው አላለችሽም?»
«ብላለች። ሚዛኑም ያንተ ነው...»
አዝላው ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ኅዳር 4
ከቀብር ተመለስኩ። ነርሷ ጥግ ይዛ፣ «ኪሎው እኮ ደህና ነበር» ትላለች ደጋግማ። የሚሰማት የለም። እህቴ ጥፋቱን ወደ ራሷ ወስዳዋለች፦ «ጡት ቶሎ አስጥዬው ነው... እኔ ነኝ የገደልኩት...» «የፈጣሪ ሥራ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ኅዳር 13
እህቴ ሱቅ ብቅ አለች። ከሐዘኑ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ዱቄት የምትወስደው ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ ነበር። ሁለት ልመዝን ስል፣ «አንድ ይበቃኛል» አለች። መርፌው አንድ ላይ ቆመ። እፍኝ ልጨምርላት እጄን ወደ ጆንያው ሰደድኩ። ጨምሬላት አላውቅም... ዛሬ ምን ተገኘ ብትለኝስ?
እጄን አራግፌ ቋጠርኩላት።