«ገላ አይነካም» ስለተባለው ፕሮግራም

ይድረስ ለክቡር የጤና መገልገያዎች ፍተሻና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በደኅና እንድትገኙ ምኞቴ ነው። ራስዎን አይመምዎ፤ ዓይንዎም ብዥ አይበልብዎ፤ ድንገት ቢያምዎም የሚመረምርዎ ሰው ይሁን።

እኔ በዲማ ቅኔ የማስተምር መሪጌታ ቢተው ነኝ። በዚህ በሰኔ ጭቃ ደብረ ማርቆስ ድረስ እየተመላለስኩ ከቢሮዎ ደጅ ስቆም አይተውኝ ይሆናል። «ስብሰባ ላይ ናቸው» በተባልኩ ቁጥር ለሥራ ያለዎትን ትጋት እያደነቅሁ ተመልሻለሁ። ዛሬ በአደባባይ የምጽፍልዎ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ብዬ ነው።

ልጄ ዜማ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ከባለቤቷ ከደመላሽ ጋር እያረሰች የምትኖር ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ቀኗ ሲቃረብ፣ ራሷን ይፈልጣት፣ ዓይኗም ይጋረድባት ጀመር። ደመላሽ በሚኒባስ አሳፍሮ ክትትል ወደምታደርግበት፣ ደብረ ማርቆስ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ አመጣት። ነርሷ ትሕትና የደም ግፊቷን ለካች። ከፍ ብሎ ስላስደነገጣት ደግማ ለካች። መለኪያው የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ያለበት፣ የተፈተሸ ነበር፤ እውነቱንም ተናገረ። ስለዚህ አመሰግናለሁ።

ክሊኒኩ ግን የትኛዋ እናት ወደ ቤቷ፣ የትኛዋ ወደ ሆስፒታል እንደምትሄድ የሚወስን ፕሮግራም በታብሌት አስገብቷል። ትሕትና ያየችውን ቁጥር ሞላችለት። «አደጋ የለም፤ በቀጠሮዋ ትመለስ» አላት። ልቧ ስላላመነ ወደ ክሊኒኩ ባለቤት ወደ አቶ እንዳላማው ሄዳ «ይህችን እናት ሆስፒታል ልላካት» አለችው።

«ፕሮግራሙ ምን ይላል?»

«ደኅና ናት ይላል። እኔ ግን ፈራሁ።»

«ታዲያ አንቺ ከእሱ ትበልጫለሽ? ከሚለው እንዳትወጡ ብዬ አዝዣለሁ።»

ልጄ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደመላሽ «ደኅና ናት ተብለናል» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። በማግስቱ ጠዋት በረት ውስጥ ወድቃ ስትንቀጠቀጥ አገኛት። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ አወረዳት፤ እህል የጫነ መኪና ሆስፒታል አደረሳት። ዶክተር ፍሥሐ የሚባሉ ሐኪም ሕይወቷን አተረፉልን። ልጁን ማትረፍ አልቻሉም። ወንድ ነበር። ዜማ ስትነቃ ስለ ልጇ ጠየቀችኝ። ደመላሽ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲያለቅስ ነው የገባት።

ኋላ ዶክተሩና ትሕትና ነገሩን በተግባር ሞክረው አሳዩኝ። ለካ እንደዚያ ቀን ኔትወርክ ሲጠፋ ፕሮግራሙ አዲሱን ቁጥር የተቀበለ ይመስልና፣ እናቲቱ ደኅና በነበረችበት ባለፈው ክትትል ቁጥር ይፈርዳል። በእኛ አገር ኔትወርክ መቼ እንደሚጠፋ እርስዎ አያጡትም።

ይህን ይዤ ነው ደጅዎን የጠናሁት። ያዘንኩበትን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ የመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያ አቶ ኃይለ ሚካኤል ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ በትዕግሥት አስተማሩኝ። «መሪጌታ፤ መሣሪያ ማለት ገላ የሚነካ ነው። ይህ አይወጋም፤ አይቆርጥም፤ መረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛን አይመለከተንም» አሉኝ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ የሕክምና መሣሪያ ሆኖ፣ «ሂጂ» ወይም «ቆዪ» ብሎ የሚፈርደው ግን እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ ስላሳወቁኝ ባለውለታዬ ናቸው። እኛ ዘንድ ተማሪ የቆጠረው ቅኔ እንኳ መምህሩ ሰምቶ ሳያርመው ማኅበር ፊት አይቀርብም፤ ቢበላሽም የሚሞት የለም።

ሁለተኛ፤ አቶ ኃይለ ሚካኤል ኮምፒውተር ነክ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ መሩኝ። እዚያ ያሉት ደግሞ «ስለ በሽተኛ የሚናገር ከሆነ የጤና ነው» ብለው ወደ እናንተ መለሱኝ። ፕሮግራሙን የሠራውን ድርጅት በስልክ ባገኘው፣ «እኛ የምንሰጠው ምክር ነው፤ ውሳኔው የባለሙያዋ ነው» አለኝ። ባለሙያዋ ግን ከምክሩ እንዳትወጣ ታዝዛለች። እንግዲህ በልጅ ልጄ ላይ ማንም አልወሰነም ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ያንገበግበኛል። ትሕትና «በራሷ ሙያ ባለመወሰኗ» ተብላ ከሥራ ተባረረች። እርሷን ለመርገም ከእኔ የቀረበ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ለእርሷ ልመሰክር ከዜማ ጋር ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ፤ ዜማ እጇን ይዛ «አንቺማ ፈርተሽልኝ ነበር» አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ታብሌቱ አልተባረረም፤ ዛሬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እናቶችን እየለየ ነው።

ክቡር ሆይ፤ ፕሮግራም ሁሉ ይፈተሽ አላልኩም። ቀጠሮ የሚያስታውሰውን፣ ፋሻና መርፌ የሚቆጥረውን ይተዉት። በሽታን ለይቶ፣ ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልስ ሲሆን ግን እንደ መርፌው ሁሉ መሣሪያ ነው፤ ሰው ላይ ከመዋሉ በፊት ይፈተሽ፣ ሲሳሳትም የሚጠየቅ ይኑረው። እስኪፈተሽ ድረስ ደግሞ ይቁም። ይህ እንደ ልመናም እንደ ክስም ይቆጠርልኝ።

የሚወጋውንና የሚቆርጠውን ሁሉ ነቅተው የሚጠብቁልን፣ የማይወጋውን ግን ለእግዚአብሔር የተውልን ክቡር ሆይ፤ ሥራዎ ይቃናልዎ፤ ስብሰባዎም ይለቅልዎ ዘንድ በጸሎት የማስብዎ፤

መሪጌታ ቢተው
ዲማ፣ ሰኔ ፳፻፱ ዓ.ም.

በተጨማሪ፦ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነፍሰ ጡሮችን እየሰበሰብኩ፣ «ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ዓይናችሁም ብዥ ካለ፣ ማንም ደኅና ናችሁ ቢላችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ» እያልኩ ነው። ያለ ፈቃድ የሕክምና ምክር መስጠት እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። እኔ ኔትወርክ ቢጠፋም የምገኝ፣ ስም፣ አድራሻና ገላ ያለኝ ሰው ነኝና፣ በእኔ ላይ እርምጃ ለመውሰድ መሥሪያ ቤትዎ «አይመለከተንም» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።